ለሦስት የተከፈለ ሰርግ

«አርፋ የማትቀመጥ ጣት ጥንብ ጠንቁላ ትመጣለች» ይላል የአገሬ ሰው። ይህን ተረት የተረቱት የእኔን ጣት አይተው ይመስለኛል። ሌላው ሰው የሚጠግነው የተበላሸ ነገር ነው። እኔ ግን ደህናውን ነው የምጠግን። ሬዲዮ ጥርት ብሎ ሲሰማኝ «ከዚህም በላይ ሳይጠራ አይቀርም» ብዬ እፈታዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ዜና ከጎረቤት እንሰማለን። ባለቤቴማ ደህና ነኝ ማለት ትታለች። ጠዋት «እንዴት አደርሽ?» ስላት «ወገቤን ያመኛል» ትለኛለች፤ ደህና ነኝ ካለች እንዳልጠግናት ፈርታ ነው።

ሥራዬ ሰርግ መቅረጽ ነው። ፍኖተ ሰላም ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ አንዲት ፎቶና ቪዲዮ ቤት አለችኝ። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ድረስ ካሜራዬን አንጠልጥዬ ከዳስ ዳስ ስዞር እከርማለሁ። ያን ወራት የምበላው ሰው ቤት ስለሆነ ባለቤቴ ደስ ይላታል።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ዊንዶውስ ሲከብደው ጊዜ (ጥፋቱ የዊንዶውስ አይደለም፣ የላፕቶፑ ዕድሜ ነው) አንዷለም በእሱ ፋንታ ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ሥርዓት ጫነልኝ። አንዷለም ቡሬ የሚኖር፣ በኮምፒውተር ተመርቆ እንደ እኔው በካሜራ የሚተዳደር ወዳጄ ነው። ትልቅ ሰርግ ሲመጣ ተካፍለን እንሠራለን፤ እኔ የሴቷን ቤት፣ እሱ የወንዱን። ሊኑክሱ ለዚያ አሮጌ ላፕቶፕ ነፍስ ዘራበት። ዓመት ሙሉ እንዲህ ደህና ሆኖ ሠራ። ችግሩም እሱ ነው።

አንድ ቀን ቡሬ ሄጄ የአንዷለምን ስክሪን አየሁ። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ እኔም በደንብ የገባኝ ከተበላሸብኝ በኋላ ነው። ኮምፒውተር ላይ የምትከፍቱት ነገር ሁሉ በየራሱ መስኮት ነው የሚከፈተው። እነዚያን መስኮቶች የሚያስቀምጥ፣ የሚያሳንስና የሚያስተልቅ፣ ጥጋቸው ላይ የመዝጊያዋን ኤክስ የሚሰካላቸው አንድ አስተናባሪ አለ። ዊንዶው ማኔጀር ይሉታል። በእኛ አነጋገር የድግስ አሳላፊ ማለት ነው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ እሱ ነው። ሊኑክስ ላይ ደግሞ አሳላፊውን መለወጥ ይቻላል። ስትገቡ «ዛሬ በየትኛው አሳላፊ ልስተናገድ?» ብላችሁ ትመርጣላችሁ። ያቺ ምርጫ ሴሽን ትባላለች።

የአንዷለም አሳላፊ ሌላ ነው። ስክሪኑ ጥቁር፤ ምልክት የለው፣ ጌጥ የለው። አንድ መስኮት ሲከፈት ሙሉውን ቦታ ይይዛል። ሁለተኛ ሲመጣ እኩል ይካፈላሉ፤ ሦስተኛ ሲጨመር ለሦስት። አይደራረቡም፣ አይጋፉም። ኤክስ ብሎ ነገር የለም፤ ማውዝም ብዙ አይነካ፤ መክፈቱም መዝጋቱም በኪቦርድ ትእዛዝ ነው። ጣቱ ቁልፎቹ ላይ ሲሯሯጥ በገና የሚደረድር ነበር የሚመስል።

ቀናሁ። እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ እርር አለ። እዚያው ኔትወርክ ሳለ የአሳላፊውን ሶፍትዌር ላፕቶፔ ላይ አስጫንሁትና፣ ጊዜ ሳገኝ እገባበታለሁ ብዬ ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስሁ።

እማማ የዝና ሱቄ የመጡት በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። የትርንጎ እናት ናቸው። ትርንጎን ከሽንዲ ወዲህ ካለው የገጠር ቤታቸው ለቡሬ ሰዎች ሲድሯት እኔና አንዷለም ነበርን የቀረጽን። እሑድ መልሱ ነው፤ ሙሽሮቹ ወደ እናቷ ቤት ይመጣሉ፣ ፊልሙም እዚያው ለእንግዳ ይታያል።

«ይቀመጡ እማማ» ብዬ ብድግ አልሁ።

«አልቀመጥም። የልጄን ሰርግ አይተኸዋል?»

«እንዴታ! እኔው አይደለሁ የቀረጽሁት?»

«አንተ የቀረጽኸው የእኔን ቤት ነው። እኔ የምልህ የእነሱን ቤት ነው።»

በእኛ አገር የሙሽራ እናት ልጇን ተከትላ ወንድ ቤት አትሄድም። እልል ብላ ትሸኝና ከድግሷ ጋር ዳሷ ውስጥ ትቀራለች። ማዶ ቤት ልጇን እንዴት እንደተቀበሏት የምትሰማው በሰው አፍ ነው። የሰው አፍ ደግሞ ታውቁታላችሁ። እማማ የዝና ቡሬ በርበሬ ገበያ ወርደው አንዲት ሴት «ልጅሽንማ ፀሐይ ላይ ገትረው፣ እህል ሳያቀምሱ፣ አንገቷን ደፍታ ስታለቅስ ዋለች አሉ» ብላቸው መጥተዋል።

«ትርንጎን ራሷን አይጠይቋትም?» አልኋቸው።

«እሷማ ብትራብም ጠግቤያለሁ ነው የምትል። እኔው አይደለሁ ያሳደግኋት?» ነጠላቸውን ጠበቅ አደረጉ። «በዓይኔ ልይ። ያሉት እውነት ከሆነ፣ ለመልስ የመጣች ልጄ ከደጄ አትወጣም። ይሰብሰብ ሽማግሌው! ሐሰት ከሆነ ደግሞ እንቅልፌን መልስልኝ፤ ከሰርጉ ወዲህ ዓይኔ አልተከደነም።»

«እሑድ ጥርት አድርገው ያዩታል። ይተዉት ለእኔ» አልሁ። ደረቴንም ሳልመታ አልቀረሁም።

ዓርብ ከሰዓት ሥራዬን ጨረስሁ። ፊልሙ አማረ። የጽጌረዳ አበባ እየረገፈ የሙሽሮቹ ስም ቀስ እያለ የሚወጣበት መክፈቻ ሠራሁለት። ላፕቶፑ ደህና ነው፣ ፊልሙ ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ። ደህና ነገር አይቼ ማለፍ ደግሞ አልተፈጠረልኝም። «እስቲ ያን አሳላፊ ብቻ ልየው» አልሁ።

ከነበርሁበት ወጣሁ፤ ስም የሚጻፍበት ገጽ ላይ አዲሱን ሴሽን መረጥሁ፤ ገባሁ። ስክሪኑ ጠቆረ። መሀል ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን ብቅ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ ትእዛዝ የምሰጥበት ቁልፍ የትኛው ይሁን? የዊንዶውስ የመስኮት ምልክት ያለባት ወይስ ኦልት የምትባለው? እኔ ስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት የለመድሁ ሰው ነኝ። ሳልጨርሰው ተስማማሁና ኢንተር አልሁ። የመስኮቷ ቁልፍ ተመረጠች። ሣጥኗ ጠፋች፤ ጥቁሩ ብቻ ቀረ።

ቁልፏን ልጫን ጣቴን ሰደድሁ። ቁልፏ የለችም!

እንዴት ትኖራለች? ሊኑክስ የተጫነልኝ ሰሞን፣ አዲስ አማኝ ከካህኑ ይበልጥ ይጾም የለ፣ እኔም «ዊንዶውስን ትቼ ማኅተሙን ተሸክሜማ አልኖርም» ብዬ ያችን ቁልፍ በቢላ ፈንቅዬ ጥያታለሁ። ጎድጓዳዋ አቧራ እንዳይገባባት ደግሞ ጧፍ አብርቼ ሰም አንጠባጥቤባታለሁ። ሥራዬን ሳደንቅም ነበር። እነሆ አሁን መንግሥቱ ሁሉ የሚታዘዘው በሰም በተቀበረች ቁልፍ ሆነ።

አጠፋሁት፤ አበራሁት። ያው ጥቁር። ላፕቶፑ ሲበራ ማን ነህ ሳይለኝ ቀጥ ብሎ እንዲገባ ያዘዝሁት እኔው ስለነበርሁ፣ አሳላፊ የሚመረጥበት ገጽ እንኳ አይመጣልኝም። ደጋግሜ አጠፋሁ፤ ደጋግሜ አበራሁ። ቤቱን ለሌባ ዘግቶ ቁልፉን ውስጥ የረሳ ሰው እንደ እኔ ያለው ነው። ያን ቀን እራት አልበላልኝ አለ። ባለቤቴ «ምን ሆንህ?» ስትለኝ «ወገቤን» አልኋት።

ቅዳሜ ጠዋት ለአንዷለም ደወልሁ። ደምበጫ ሰርግ ላይ ነው፤ ከበሮው እሱን አልፎ እኔን ያደነቁረኛል።

«ቀላል ነው! ቁልፏን ይዘህ ኢንተር በል!» ብሎ ጮኸ።

ቁልፏን ነቅያታለሁ እንዴት ልበለው? ይሉኝታ ያዘኝ። «እሺ፣ እየያዝሁ ነው» አልሁ፤ ባዶ ሰም ላይ አውራ ጣቴን ጭኜ።

«ታዲያ አልከፈተልህም?»

«አልከፈተም።»

«ጠበቅ አድርገህ ያዛት!»

«ኧረ አጥብቄ ይዣለሁ!»

«እንግዲያው ላፕቶፑ ሞቷል በለኛ» አለ። ሞት ሲመጣ ይሉኝታ ይሸሻልና እውነቱን ተናገርሁ። ከበሮውን አልፎ የአንዷለም ሳቅ መጣ፤ አይ ሳቅ! ሚዜዎቹ ሁሉ ሳይሰሙ አልቀሩም።

«በል ሰሙን በመርፌ ፍቀህ አውጣ። ከሥሩ ያለችውን ነጥብ በቀጭን እንጨት ተጫናት» አለኝ።

ፋቅሁት። የክብሪት እንጨት ሰደድሁና ተጫንሁ፤ ኢንተር አልሁ። ጥቁሩ ላይ አንድ ሌላ ጥቁር መስኮት ተከፈተ። እልል ልል ነበር። በክብሪቷና በዲ ፊደል ደግሞ ፕሮግራም የሚጠራበት መስመር ከላይ ወጣ። ስም ጻፍሁ፤ ፋይሎቼ መጡ። ፊልሙም አለ፤ እኔና አንዷለም የቀረጽናቸው፣ ገና ያልተቆረጡት ጥሬ ቅጂዎችም አሉ።

«ተባረክ! ወደ ድሮው ልመለስስ ብል?»

«እሱማ ከሁሉም ይቀላል። ሺፍትን ትይዝና—»

ኔትወርክ ጠፋ። የእኛ አገር ኔትወርክ የሚጠፋበትን ሰዓት ያውቅበታል። ጠፋ፤ ጠፍቶም ቀረ። ፊልሙን ፍላሽ ላይ ልገልብጠው ብዬ ነበር፤ የድግሱ ቴሌቪዥን ግን ከሽንዲ በውሰት የሚመጣ፣ አንድ የገመድ ቀዳዳ ብቻ ያለው፣ ፍላሽ የማይቀበል ሽማግሌ ነው። ይሁን፣ በክብሪት እከፍተዋለሁ አልሁ። እንዲያውም ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

እሑድ ዳሱ ግጥም ብሏል። ቴሌቪዥኑ ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ጄነሬተሩ ከጓሮ ይንደቀደቃል። በአንድ ወገን የቡሬ ሰዎች፣ በሌላው የሙሽራዋ ዘመዶች። ትርንጎ ከባሏ አጠገብ በወጉ አንገቷን ደፍታለች። እማማ የዝና ግን አልተቀመጡም። የዳሱን ቋሚ ተደግፈው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ አንዴ የቡሬዎቹን አንዴ እኔን ያያሉ። ትሪ ሲቀርብላቸው «ቆይ፤ አይቼ» ይላሉ። በዳሱ ውስጥ የሚጠበቀውን የማያውቅ ሰው የለም፤ የቡሬዎቹም ቁራሽ ይዘው አያላምጡም።

ገመዱን ሰክቼ አበራሁ። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆነ።

«ምነው? ሰርግ ቤት ጥቁር ምን ይሠራል?» አለ አንዱ ከኋላ።

ከኪሴ ክብሪት አወጣሁ። የትርንጎ አጎት አያ ደምሴ ከፊት ነበሩና ደነገጡ። «እንዴ! ልታቃጥለው ነው?»

«ኧረ የለም አያ፣ ቁልፍ ነው።»

«በክብሪት የሚከፈት ቤት ዛሬ ገና አየሁ» አሉና ለጥንቃቄ ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ።

በእንጨቷ ተጭኜ ፋይሎቹን አስመጣሁ፤ ፊልሙን መታሁት። ምንም የለም። ላፕቶፑ አሮጌ እንደሆነ፣ ትንሽ እንደሚያስብ አውቃለሁ። ግን እማማ የዝና አጠገቤ መጥተው ቆመዋል። ትንፋሻቸው ማጅራቴ ላይ ነው። ደግሜ ልምታው ስል ተቻኩዬ ከሥሩ ያለውን የእኔን ጥሬ ቅጂ መታሁ። ምንም። ከዚያ የአንዷለምን። ምንም! አንዳች ትእዛዝ ልሰጥ ክብሪቷን ጫን ሳደርጋት ቀጭ ብላ ተሰበረች፤ ስባሪዋም ጉድጓዷን ወትፋ ቀረች።

በዚያችው ቅጽበት ላፕቶፑ አስቦ ጨረሰ። ፋይሎቹ የነበሩበትን መስኮት ጥግ ለጥግ ገፍቶ እንደ ክር አቀጠነውና ሦስቱም ቪዲዮዎች ጎን ለጎን ተከፈቱ። ሦስት ዘፈን ባንዴ ጮኸ። ውሻ ሳይቀር ከዳሱ ወጣ። ተንደርድሬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘጋሁት።

አያ ደምሴ ሦስቱን ቁራጭ አዩና «ይኼስ ገባኝ፤ ድልድል ነው» አሉ። «ወራሽ በመጣ ቁጥር መሬቱ ይሸነሸናል።»

ሰው ሳቀ። እኔ ኤክስ እፈልጋለሁ። ኤክስ የለም! በግራ በኩል የፊልሜ ጽጌረዳ ይረግፋል፤ ያን መክፈቻ እንዲያ ማርዘሜ ለምን ነበር አልሁ። በመካከለኛው እኔ የቀረጽሁት ይሄው ዳስ ነው፤ በቀኙ አንዷለም የቀረጸው የቡሬው ቤት።

መካከለኛው ላይ ትርንጎ ሄዳለች። እማማ የዝና ይህንኑ ቋሚ ተደግፈው ያለቅሳሉ። አንዲት ሴት ሳህን ታቀርብላቸዋለች፤ በእጃቸው ይገፉታል። ሌላ ታቀርባለች፤ ይገፋሉ። ቀኙ ላይ አማቷ ከደጅ ወጥተው ትርንጎን ይስማሉ፤ ደግመው ይስማሉ፤ እጇን ይዘው ያስገቧታል። ከዚያ ጭብጥ የሚያህል ጉርሻ አፏ ላይ ይሞጅራሉ። ትርንጎ ጉንጯ ተወጥሮ ሚዜውን አየችና ሳቀች። አፏን በእጇ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እስኪመጣ ነው የሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ሁለተኛው ጉርሻ ተከተለ።

ትርንጎ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

ለምን በሉኝ። በሙያችን የሙሽራ ሳቅ ይቆረጣል። ሙሽራ አንገቷን ደፍታ፣ አዝና፣ ለስላሳ ዘፈን ሲንቆረቆርባት ነው የሚያምርባት፤ ጥርሷ ከታየ «ከቤቷ መውጣቷ ደስ ብሏታል» ይባላል። እኔም ያን ሳቅ ሁሉ አንድ በአንድ ለቅሜ አውጥቼው ነበር። ጎበዝ ቆራጭ ነኝ።

በዚህ መሀል ጽጌረዳው አለቀ። በግራ በኩል ፊልሜ ጀመረ። ትርንጎ አንገቷን ደፍታለች። ትርንጎ መሬት መሬት ታያለች። ትርንጎ ዓይኗን ትጠርጋለች።

እማማ የዝና ወደ ቴሌቪዥኑ ቀርበው በጣታቸው ነኩት። «ይህችኛዋ ደግሞ ማን ናት? ሰው የሞተባት።»

«እሷው ናት እማማ፤ ያው ቀን፣ ያው ቤት» አልሁ።

«ታዲያ ጉርሻው የታል? ሳቋ የታል?»

«ቆርጬው ነው።»

«ማን ቁረጥ አለህ?»

ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ያሰብሁት ብቻ ታይቶ ቢሆን ኖሮ፣ ያች የበርበሬ ገበያ ሴት ያለችው ሁሉ በእኔ እጅ ተፈርሞ ይጸድቅ ነበር። ልጅቱም በዚያ ቀን ከዚያ ደጅ አትወጣም ነበር። ሣጥኑ ጫፍ ላይ ቁጭ አልሁ።

«አጥፋት ይህችን አልቃሻ» አሉ እማማ የዝና።

«አትጠፋም እማማ። መዝጊያ የላትም።»

«መዝጊያ የሌለው ቤት ማን ይሠራል?» አሉ አያ ደምሴ፤ ብድግ ብለው ጋቢያቸውን አወለቁና በቴሌቪዥኑ በግራ በኩል አለበሱት። ፊልሜ፣ ከነጽጌረዳው፣ ከነሙያዬ፣ ጋቢ ሥር ቀረ።

የቀሩት ሁለቱ ይሄዳሉ። በአንዱ እናት ሳህን ትገፋለች፤ በሌላው ልጅ ትጎርሳለች። እማማ የዝና አንዴ ይሄኛውን አንዴ ያኛውን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«አያችሁልኝ ይህችን ጉድ!» አሉ። «ሁለት ቤት ተደግሶ ጦሜን የዋልሁ እኔ ብቻ ነኝ!»

ዳሱ በሳቅ ተናጠ። የቡሬዎቹ ትንፋሻቸውን ለቀቁ፤ አንዱ ሽማግሌ «እግዜር ይስጥሽ!» እያሉ ጭናቸውን መቱ። ትርንጎ ግን ከነጠላዋ ሥር አልወጣችም፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ስቃ ይሁን አልቅሳ አይታወቅም።

እማማ የዝና ሄደው ነጠላዋን በሁለት ጣታቸው ገለጥ አደረጉላት። «ቀና በይ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንኳን ሳቅሽ። እኔ አንድ ያን ብቻ ነበር የፈለግሁ።»

ከዚያ ቋሚውን ተዉት፤ እንግዳው መሀል ገብተው ቁጭ አሉ። «በሉ እንጂ! ለእኔም አቅርቡልኝ፤ ራበኝ» አሉ።

ትሪው መጣ። ትርንጎ ከባሏ አጠገብ ተነሥታ፣ ሙሽራ መሆኗን ረስታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ አንድ ጉርሻ ጠቀለለች፤ አማቷ ካጎረሷት የሚበልጥ እንጂ የማያንስ። እማማ የዝና «ኧረ ይህን ሁሉ!» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሞጀረችላቸው። አፋቸው ሞልቶ፣ ጉንጫቸው ተወጥሮ፣ በእጃቸው ከድነው ሳቁ።